የእሑድ ከሰዓት የፍቅር ፊልሞች በጎንደር ፒያሳ፦ አንድ ክፍል፣ ሦስት ትውልድ

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ከፋሲካ ወዲህ በየእሑዱ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የቆዩ የፍቅር ፊልሞችን በትልቅ ሸራ ላይ ማሳየት ጀምሯል። መግቢያው ለአንድ ሰው 100 ብር ሲሆን አንድ ቡና ወይም ሻይ ይጨምራል። እኔም አምስት እሑዶችን በተከታታይ ሄጄ አምስት ፊልሞችን ከእናቴና ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው የእህቴ ልጅ ጋር ተመልክቻለሁ። እናቴ 70 ዓመት አልፏታል፣ ልጅቷ ገና 19 ዓመቷ ነው፣ እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። ስለዚህ ይህ ግምገማ የካፌውን አገልግሎት የሚመለከት ቢሆንም፣ አንድ ትውልድ እያለቀሰ ያያቸው የፍቅር ፊልሞች በልጅ ልጆቹ ፊት ሲቀርቡ ምን እንደሚገጥማቸውም ይናገራል። ሁለቱን ነጣጥዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ ይህን ጥያቄ በአንድ ክፍል ውስጥ በዓይን እንድናየው ማድረጉ ነውና።

ሰፈሩ ለሲኒማ ባዕድ አይደለም። ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.፣ ከፋሲል ግቢ በላይ ያለውን ፒያሳ ሲገነቡ ከፖስታ ቤቱ ጋር ሲኒማ ቤትም ሠርተው ነበር፤ ጎንደር የፊልም ሸራ ካየች እንግዲህ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗታል። በእኔ ልጅነት ደግሞ የቪዲዮ ቤቶች ዘመን መጣ። የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል፣ ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጀርባ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም፤ ፊልሙም አብዛኛውን ጊዜ የህንድ ነበር። ቋንቋውን አንድም ሰው አያውቀውም፤ ነገር ግን እናት ስታለቅስ እናት መሆኗን፣ አባት ሲቆጣም ስለ ምን እንደሚቆጣ ለመረዳት ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ያን ጊዜ ልባችንን የነካው ነገር ዛሬም የሚነካ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው ካፌው ድረስ የሄድኩት።

ክፍሉ 40 ያህል ሰው ይይዛል። መስኮቶቹ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ስለተሸፈኑ የሰኔ ፀሐይ እንኳን ሸራውን አያደበዝዘውም። ፊልሙ ሊጀምር ሲል በክፍሉ ጥግ ላይ ቡና ይቆላና የተቆላው ቡና በወንበሮቹ መካከል እየዞረ ይሸተታል፤ ከዚያ በኋላ ጀበናው ወደ ሌላ ክፍል ስለሚወሰድ የስኒ ኳኳታ ፊልሙን አይረብሽም። ይህን ያሰበው ሰው ፊልም ማየት የሚወድ ሰው ነው። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ለእናቴ ያሳየው አክብሮት ግን የዱሮ ሰው ያስመስለዋል። በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ቀስ እያለች ስትወጣ አይቷት ወርዶ እጇን ያዘና፣ «እንደምን ዋሉ እናታችን፣ ይምጡ፣ እዚህ ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ከኋላ ድምፁ በደንብ አይሰማዎትም» አላት። ፕሮግራሙ ማታ ሳይሆን ከሰዓት መሆኑም ትክክል ነው። በዚህ ጊዜ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ መግባት ይፈልጋል፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰው ባጃጅ ይዞ ወደ ማራኪም ሆነ ወደ አዘዞ ለመድረስ ቀን አለው።

የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ሮማን ሆሊዴይ ነበር። ኦድሪ ሄፕበርን የምትጫወታት ልዕልት ከቤተ መንግሥት ጠፍታ አንድ ቀን በሮም ጎዳናዎች ላይ እንደ ተራ ሰው ትውላለች፤ ግሪጎሪ ፔክ የሚጫወተው ጋዜጠኛ ማንነቷን አውቆ፣ ታሪኳን ለመሸጥ አብሯት ይዞራል፣ ከዚያም ይወዳታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ከእኛ ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ቅር እንዳላቸው ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ በአቅራቢያችን ባሉት ሁለት ረድፎች ላይ ብቻ ሰባት የስልክ መብራቶችን ቆጥሬአለሁ። ልዕልቷ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብታ ረጅም ፀጉሯን ስታስቆርጥ ሦስቱ ጠፉ። ሁለቱ ሰዎች የውሸታምን እጅ ይነክሳል በሚባለው የድንጋይ ፊት አፍ ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡና ፔክ እጁን በእጅጌው ውስጥ ደብቆ የተቆረጠ ሲያስመስል፣ የሄፕበርን ጩኸት እውነተኛ ድንጋጤ ነበር፤ ቀልዱን አስቀድሞ አልነገራትም። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ አብሯት ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ አንድም የስልክ መብራት አላየሁም።

ልጅቷ ፊልሙ ሲያልቅ ያለችኝ ነገር ግን ከሳቁ ይልቅ ቆይቶብኛል። መጨረሻ ላይ ልዕልቷ ወደ ግዴታዋ ትመለሳለች፣ ሁለቱ በጋዜጠኞች ፊት በይፋ ይጨባበጣሉ፣ ሰውየው በባዶው አዳራሽ ብቻውን እየተራመደ ይወጣል፤ ሠርግ የለም። «አሁን ቢሠራ ኖሮ መጨረሻ ላይ ትከተለው ነበር፤ እኔም አላምናትም ነበር» አለች። ከካፌው መስኮት የፋሲል ግቢ ግንቦች ይታያሉ። በቤተ መንግሥት የተወለደ ሰው በራሱ ምርጫ እንደማይኖር ለማወቅ የጎንደር ልጅ የሮም ፊልም አያስፈልጋትም፤ ከነዚህ ግንቦች አጠገብ ያደገች ናት።

በዚያ ቀን በልቤ የጀመረው ሐሳብ በሁለተኛው እሑድ ጠራልኝ፤ በፍቅር ፊልም ውስጥ ቀድሞ የሚያረጀው እንቅፋቱ ነው። ሁለት ሰዎች መዋደዳቸው በየትኛውም ዘመን ለማንም ሰው ይገባል። በመካከላቸው የቆመው ነገር ግን አንዳንዴ ከዘመኑ ጋር ይፈርሳል፣ አንዳንዴም መልኩን ለውጦ በእኛ ዘመን ቆሞ ይጠብቃል። የፈረሰው ከሆነ የዛሬ ተመልካች «ለምን አልደወለላትም?» ብሎ ይጠይቃል፣ ፊልሙም በዚያች ጥያቄ ያበቃለታል። ቆሞ የሚጠብቀው ከሆነ ደግሞ ልብሱ፣ መኪናው፣ የአነጋገሩ ፍጥነት፣ ጥቁርና ነጭነቱ ምንም አያግደውም።

ሁለተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው ካዛብላንካ ነበር፤ በዓመቱ ምርጥ ፊልምነት፣ በዳይሬክተሩና በድርሰቱ ሦስት ኦስካሮችን አግኝቷል። ሃምፍሪ ቦጋርት በሞሮኮ ውስጥ ካፌ የከፈተ፣ ልቡ የተሰበረ አሜሪካዊ ሆኖ ይጫወታል። ኢንግሪድ በርግማን ደግሞ በፓሪስ ጥላው የሄደች፣ አሁን ከባሏ ጋር ከናዚዎች ለማምለጥ ወደዚያው ካፌ የምትመጣ ሴት ናት። እኔ ይህን ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ ማየቴ ነበር፤ ሆኖም በጎንደር፣ ያውም ጣሊያን በሠራው ሰፈር፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ሳየው ፈጽሞ ሌላ ፊልም ሆነብኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፊልሙ ገና ሳይጋመስ የፖሊስ አዛዡ የቦጋርትን ያለፈ ሕይወት ሲያነሳ፣ በ1935 ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ በድብቅ ማቀበሉን ይነግረዋል። 1935 በእነሱ አቆጣጠር ጣሊያን የወረረችን ዓመት ነው። የትርጉም ጽሑፉ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እናቴም በጆሮዬ፣ «ለእኛ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ ለእኛ ነው» አልኳት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቦጋርት ለእናቴ ፈረንጅ መሆኑ ቀረ። ደካማውን ወገን የረዳ ሰው ሆነላት፤ በመጨረሻም የሚወዳትን ሴት ከባሏ ጋር በአውሮፕላን አሳፍሮ ሲልካት አልተገረመችም። «ድሮም እንዲህ ያለ ሰው ነበረ» አለች። የፊልሙ ጸሐፊዎች ያቺን አንድ መስመር የጻፏት ሰውየው ግድ የለሽ መስሎ ቢታይም ልቡ የት እንዳለ ለመጠቆም ነው፤ ለአሜሪካ ተመልካች ምልክት ብቻ የነበረችው መስመር ለእኛ ውለታ ሆና ደረሰች።

ሌላም ነገር አለ። የፊልሙ ታሪክ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 መጀመሪያ ላይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር በጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ሥር ሆኖ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ነው። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ያሉ ስደተኞች በካዛብላንካ ካፌ ውስጥ የይለፍ ወረቀት ሲፈልጉ፣ የዚህች ከተማ ሰው ነፃ ከወጣ ገና አንድ ሳምንት እንኳን በቅጡ አልሞላውም ነበር። የእናቴ አባት ቁልቋል በር ላይ የነበረውን ውጊያ ያውቁ ነበር፤ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይናገሩም ነበር፣ ከተናገሩም የሚያነሱት ወጥቶ ስላልተመለሰ ጓደኛቸው ነበር። እናቴ ይህን ያነሳችው ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ሳለ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በቤታችን ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በፊልሙ ውስጥ ቦጋርት በፓሪስ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሴቲቱን ይጠብቃታል፤ በእሷ ፈንታ አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ዝናቡም ቀለሙን እያጠበ ፊደሉን ያፈሰዋል። ይህ ቦታ ዛሬ ሊፈርስ ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስልክ በእጁ ይዞ ያደገ ወጣት «ለምን አልደወለችለትም» የሚልበት ቦታ ነው። ማንም አልጠየቀም። የዚህ ክልል ወጣቶች ኔትወርክ የተቋረጠባቸውን ወራት ያውቃሉ፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሲቀር፣ «እመጣለሁ» ያለ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚመስል ከማንም ፊልም መማር አያስፈልጋቸውም። በፊልሙ ውስጥ ከተጫወቱት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ከናዚዎች ሸሽተው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አውሮፓውያን ነበሩ፤ በካፌው ውስጥ የፈረንሳይን መዝሙር ሲዘምሩ ፊታቸው ላይ የሚታየው ነገር ትወና ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ልጅቷ ያንን ሳልነግራት አውቃዋለች። ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ፊልም በዚህ ዓመት፣ በዚህ ከተማ፣ ለ19 ዓመት ልጅ ትናንት የተሠራ ያህል ቅርብ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ግን ወደቀ። የታየው ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ የህንድ ፊልም ነበር፤ በልጅነቴ በቪዲዮ ቤት አይቼው የወደድኩት ነው። ወንዱ ሴቲቱን በየመንገዱ ይከተላታል፣ ሻርፗን ይጎትታል፣ እንቢ ስትለው ይዘፍንላታል፣ ደጋግማ እንቢ ስትለው ደጋግሞ ይመጣል፣ በመጨረሻም ትወደዋለች። እኛ ያን ጊዜ ይህን ጽናት ብለን ጠርተነዋል። በዚህ እሑድ ከኋላ ረድፍ ያሉ ሴቶች ተማሪዎች ፊልሙ አጋማሽ ላይ ሳይደርስ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ፤ የእህቴ ልጅ ባትወጣም እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ዝም አለች። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ፈርታ ነው እንጂ ወዳው አይደለም» አለች። እናቴም ነገሩን በሌላ ጫፍ አነሳችው፤ በእሷ ዘመን ውኃ ልትቀዳ ወጥታ የተጠለፈች የጎረቤት ልጅ እንደነበረች፣ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በጋብቻ እንደታለፈ፣ ልጅቷም እስክትሞት ድረስ የባሏን ስም ጠርታ እንደማታውቅ ነገረችን። ጠላፊው ተጠላፊዋን በማግባት ከቅጣት የሚያመልጥበት የቀድሞው ሕግ የቀረው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ የእህቴ ልጅ ከዚያ ሕግ በኋላ ተወልዳለች። የእኔ ትውልድ የወደደውን ፊልም እሷ ባትወደው የጎደላት ነገር የለም። እኛ ያላየነውን አየች፤ ያንን ፊልም ስወድ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ይህን መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም። ባለቤቱን የምመክረው እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ጨርሶ እንዲተው አይደለም፤ ሆኖም ሲያሳያቸው ከፊልሙ በኋላ ለውይይት ጊዜ ቢሰጥ መልካም ነው፣ ያን ዕለት ተመልካቹ ብዙ የሚለው ነገር እያለው መብራቱ በርቶ ወንበር መሰብሰብ ተጀመረ።

በአራተኛው እሑድ የቀረበው የህንድ ፊልም ተቃራኒው ነበር። ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 ሲሆን፣ በሙምባይ ማራታ ማንዲር በተባለው ሲኒማ ቤት ከ25 ዓመት በላይ ሳይወርድ ታይቷል፤ አንድ የፍቅር ፊልም ለተከታዩ ትውልድ ይተርፋል ወይ ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በሻህሩክ ካን የሚጫወተው ራጅና በካጆል የምትጫወተው ሲምራን ለንደን ያደጉ ናቸው፣ በአውሮፓ የባቡር ጉዞ ላይ ይዋደዳሉ። የልጅቷ አባት ግን ገና ድሮ ለጓደኛው ልጅ ሊድራት ቃል ስለገባ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፑንጃብ ይመለሳል። ራጅ ተከትሏት ይሄዳል። የልጅቷ እናት ነገሩን ስታውቅ ጌጧን አምጥታ ልጅቷን ይዟት እንዲጠፋ ትለምነዋለች፤ እሱ ግን እንቢ ይላል፣ አባቷ በእጁ ካልሰጠኝ አልወስዳትም ይላል።

እዚህ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ይኼ ልጅ አስተዋይ ነው» አሉ፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው ወጣት ሁሉ ሳቀ፣ ሳቁ ግን የመስማማት ሳቅ ነበር። በጎንደር ዛሬም ቢሆን ሁለት ልጆች በቴሌግራም ተዋውቀው፣ በራሳቸው ምርጫ ተዋደው፣ በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ልጅቷ ቤት ካልሄዱና «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ካልቆሙ ነገሩ እንዳልሞላ ይቆጠራል። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን ተቀመጡ ቢባሉም እሺታ ካላገኙ አይቀመጡም፤ አባት ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ወጣቱ ምርጫውን ይፈልጋል፣ የአባቱንም ፊት ይፈልጋል፤ ሁለቱንም ማግኘት ከባድ ነው፣ ፊልሙም ከዚሁ ጋር ይታገላል። በመጨረሻው ትርኢት ባቡሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ራጅ በሩ ላይ ቆሟል፣ አባት የሲምራንን ክንድ አጥብቆ ይዟል። ካሜራው በዚያ እጅ ላይ ይቆያል። ከዚያም ጣቶቹ ይላላሉ፣ ሂጂ ይላታል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ፣ የእህቴ ልጅም በእጇ ጀርባ ስትጠርግ፣ ሁለቱም አንዷ ሌላዋን እንዳታያት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ዞረው አየኋቸው። በልጅነቴ ይህን ፊልም በቪዲዮ ቤት ሳየው የካጆልን ሩጫ ነበር የማየው። ዘንድሮ ያየሁት የአባትየውን እጅ ነው።

አምስተኛው ታይታኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ 11 ኦስካር የተሸለመ፣ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው፤ ስለ ታሪኩ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ልጅቷ ከመወለዷ በፊት የተሠራ ቢሆንም እያንዳንዱን ትርኢት በስልኳ በቁርጥራጭ ስታየው ኖራለች፣ ሙሉውን ግን አንድም ቀን አላየችም፤ ሙሉውን ስታይ ያስገረማት መርከቧ ከመስጠሟ በፊት ያለው ረጅም ጊዜ ነበር። «ለካ እንዲህ ቀስ ብለው ነው የተዋወቁት» አለችኝ። እናቴ ደግሞ የፊልሙን ወጣቶች እምብዛም አላየቻቸውም። ታሪኩን የምትተርከው የመቶ ዓመት አሮጊት ናት፤ የልጅ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ፣ አያቷ ለባሏ እንኳን ያልነገረችውን ታሪክ ትሰማለች። የእናቴ ዓይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያች አሮጊት ላይ ነበር። ሦስታችን በአንድ ሸራ ላይ ሦስት ሰው አየን፤ ለአንድ ትውልድ ብቻ የተሠራ ፊልም ለዚህ ቦታ የለውም።

አሁን ስለ አገልግሎቱ ጉድለቶች በግልጽ ልጻፍ፤ ቦታው እንዲቆይ የምፈልግ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ድምፁ ነው። ሁለቱ የድምፅ ማጉያዎች ከሸራው በግራ በኩል ብቻ ስለተቀመጡ በቀኝ ያለ ሰው ንግግሩን አይለይም፤ ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ ግራ ያለው ሰው ጆሮውን ይይዛል። ሁለተኛው የአማርኛ የትርጉም ጽሑፉ ነው። ካዛብላንካ ላይ በሚገባ የተተረጎመ ነበር፤ በአራተኛው ፊልም ላይ ግን ጽሑፉ ከንግግሩ አራት አምስት ሴኮንድ ስለሚዘገይ ተመልካቹ ቀልዱን ሳይሆን ዝምታውን ይስቅበታል። ትርጉሙም አንዳንድ ቦታ ቃል በቃል ነው፣ አባትን ልጁ «አንተ» እያለ ሲያናግረው በእኛ ጆሮ ባለጌ ያስመስለዋል፤ «እርስዎ» ቢባል አንድ ፊደል ብቻ ተጨምሮ ግንኙነታቸው ሁሉ ይገባ ነበር። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ሰው እንደ ራሱ ታሪክ አድርጎ የተቀበላቸው በከፊል ሰዎቹ እንደኛ ተከባብረው ስለሚነጋገሩ ነው፤ ያን ያህል ጥንቃቄ በጽሑፍም ይቻላል።

ሦስተኛው መብራት ነው። በታይታኒክ ላይ መርከቧ ለሁለት ልትሰበር ስትል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ፤ ተነሥቶ እስኪያዝ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀ፣ ፊልሙም የተቋረጠበትን ቦታ ለማግኘት ሌላ አምስት ደቂቃ ሄደ። ፕሮጀክተሩን ለአጭር ጊዜ የሚይዝ ባትሪ ማስገባት ትልቅ ወጪ አይመስለኝም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፣ የተሰበሰበ ስሜት አንዴ ከተበተነ ለመሰብሰብ ያስቸግራልና። ከዚህ ሌላ ወንበሮቹ ለሦስት ሰዓት የተሠሩ አይደሉም፤ እናቴ ጋቢዋን አጥፋ ተቀመጠችበት። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ደረጃው ግን መደገፊያ የለውም፣ አረጋውያንን የሚጋብዝ ቤት ይህን ማሰብ አለበት።

በፊልም ምርጫው ላይ የማነሳው አንድ ቅሬታ አለ፦ በአምስት እሑድ አንድም የአማርኛ ፊልም አልታየም። የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ሂሩት አባቷ ማነው በ1957 ዓ.ም. ተሠርቶ የታየ ነው። ዛሬ ይህን ፊልም የሚያውቅ ወጣት ለማግኘት ያዳግታል። የህንድ ወይም የአሜሪካ ፊልም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገረው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቅጂው ተጠብቆ፣ ተጠርጎ፣ በየጊዜው ለአዲስ ተመልካች ስለሚቀርብ ነው። ያልታየ ፊልም ያርጅ አያርጅ ማንም አያውቅም። ከዚህ አንጻር በደንብ የተጠበቀልን የፍቅር ታሪክ በሸራ ላይ ሳይሆን በድምፅ ነው፤ የሀዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው ትረካ ዛሬም በዩቲዩብ ይሰማል፣ የእህቴ ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያወቀቻት በመጽሐፍ ሳይሆን በእሱ ድምፅ ነው። የበዛብህና የሰብለ እንቅፋት የዘርና የመደብ ነው። እንዲያ ያለ እንቅፋት ከቤታችን ጨርሶ ወጥቷል የሚል ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ካፌው ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላ ትንንሽ ወረቀትና እርሳስ ያድላል፤ ተመልካቹ ቀጥሎ ማየት የሚፈልገውን ይጽፋል፣ ባለቤቱም ማታ ይቆጥረዋል። በአምስተኛው እሑድ እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ለልጅ ልጇ ሰጠችና፣ «ልጄ፣ ጻፊልኝ፤ የወጋየሁን ትረካ፣ መብራቱን አጥፍተው ዝም ብለን ቁጭ ብለን እንድንሰማው» አለቻት። ልጅቷ ጻፈች፤ ከሥሩም የራሷን ስም ጨመረች። ስንወጣ ባለቤቱ ደረጃው ላይ ቆሞ ወረቀቱን አንብቦ፣ «እናታችን፣ በክረምቱ እናደርገዋለን» አላት። ለዚያ ግን አስቀድሞ የድምፅ ማጉያዎቹን ማስተካከል ይኖርበታል፤ ቢቻል አንዱን በስተቀኝ ያድርገው።